ለየትኛው ወር ነው የምትዘሩት? ጎመን፣ ፌጦና ሩኮላ በምዕራብ ጎጃም ጓሮ

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ከሰኔ ጀምሮ ጎተራው ሲመናመን ቤተሰቡን ያሻገረው ጎመን ነውና እሸቱ ሲደርስ ምንቸቱ ይሰናበታል። አባባሉ የጎመንን ወር ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ጎመን በጎጃም የክረምት ምግብ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉት ከተሞች፣ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያስገባ ሰው ጎመንን በመጋቢትም ይፈልጋል። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ ያለችበት ቤት ደግሞ ጥሬውን በሎሚ የሚበላ፣ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ቅጠል ያምረዋል፤ በሱዳን፣ በየመንና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጀርጂር፣ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ሩኮላ የሚሉት ማለት ነው። «ታዲያ የትኛውን ዝርያ ልዝራ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መንገድ መጣ።

ብዙ ሰው መልሱን ከዘር ፓኬት ላይ ይፈልጋል። የፓኬቱ ሥዕል ያማረ ነው፤ ጽሑፉ ግን የተጻፈው ለሌላ አገር ሰማይ ነው። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ቅጠሉን የምትበሉበትን ወር ቁረጡ። ወሩ ከተቆረጠ በኋላ ከዝርያዎቹ መካከል ግማሹ በራሱ ይወድቃል፤ የቀረውን መምረጥ አያዳግትም።

ስለ ወር ካነሣን ቦታውን እንይ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ወደ 2,100 ትጠጋለች። በመካከላቸው ማንኩሳ አለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ለአገር ሁሉ ያስተዋወቋት ማንኩሳ። ከዚህ መስመር ወደ ብር ሸለቆ ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ወደ ሰከላና ግሽ ዓባይ ሲወጡ ከፍታው 2,500 ሜትርን ያልፋል፣ ሌሊቱም ያንዘፈዝፋል። ዝናቡ ግን ለሁሉም ተመሳሳይ ነው። ከግንቦት መጨረሻ ወይም ከሰኔ ይይዝና መስከረም ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ ድረስ ጓሮው የሚኖረው በእጅ ውሃ ወይም በመስኖ ነው። ከሁሉ የሚሞቁት ደግሞ የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ናቸው።

በዚህ ላይ የጾሙን መቁጠሪያ ደርቡበት። የሰኔ ጾምና ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ ከዝናቡ ጎመን ጋር ይገናኛሉ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ሲገባ ግን ዝናቡ ከሄደ ሰንብቷል። 55 ቀን የሚጾመው ሁዳዴ የሚያርፈው ደግሞ በዓመቱ ደረቅና ሞቃት ወራት ላይ ነው። ጎመን በብዛት የሚፈለግበትና ጎመን በዝናብ የሚበቅልበት ወቅት አይገጥሙም። የጓሮ ዝርያ ምርጫ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ክፍተት ነው።

አሁን ወደ ዕፅዋቱ። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰናፍጭ፣ ፌጦና ሩኮላ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሲያብቡ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ዝምድናቸው አይጠፋውም፤ የሁሉም አበባ አራት ቅጠል ብቻ ኖሮት በመስቀል ቅርጽ ይዘረጋል። ምላስን የሚቆነጥጠው ቅመምም የጋራ ነው። ቅጠሉ ሲታኘክ ወይም ሲከተፍ በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፣ ያን ጊዜ ሰናፍጩ ይወለዳል። ሲቀቀል ኃይሉ ይሰበራል፤ ለዚህ ነው ጎመን ወጥ ለስላሳ ሆኖ የጥሬው ቡቃያ ግን አፍንጫ ድረስ የሚሰማው። ቆስጣ ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ የለበትም፤ የቀይ ሥር ዘመድ ነው።

የሐበሻ ጎመን፣ ዘሩን ስናነሣ ጎመንዘር የምንለው፣ ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ የእኛው አገር ልጅ ነው። ኮሪያዊ አባት የነበረውና በጃፓን ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ናጋሃሩ ዩ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት የጎመኖችን ዝምድና በሦስት ማዕዘን አስቀምጦታል። በእሱ ስሌት ጎመንዘር የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን የሆነው ተክል ድቅል ነው፤ አንዱ 16፣ ሌላው 18 ክሮሞሶም ያላቸው ወላጆች ተገናኝተው 34 ያለውን ወለዱ። ድቅሉ ተወልዶ የኖረውም በኢትዮጵያ ደጋ እንደሆነ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ያየው የሩሲያው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከሎች አንዷ አድርጎ የቆጠራት እንዲህ ባለው ሀብት ነው።

እናም የጎጃም ገበሬ የወረሰው ለደጋው የተፈጠረ ጎመን ነው። ቅጠሉ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ አገዳው ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፤ አንዳንዱ አገዳው ላይ ሐምራዊ ጣል ያደርግበታል። አበባው ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው። ዘሩ ቡናማ የሆነም ቢጫ የሆነም አለ። ዝናቡ ሲይዝ ፍግ በጠገበው የቤት ዳር መሬት ላይ በእጅ ይበተናል፤ ጥቅጥቅ ብሎም ይበቅላል። ከዚያ በኋላ ያለው የእናቶች ሥራ ነው። ከአንድ ወር በኋላ የተጨናነቀውን እየነቀሉ ለወጥ ያውሉታል፣ የቀረው ቦታ ሲያገኝ ይሰፋል። ሰፋ ሲል ከታች በኩል ያሉትን ቅጠሎች ይቀነጥሳሉ፣ እምቡጡን አይነኩም። በዚህ አያያዝ አንድ መደብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ይመግባል። ማሳሰቢያ ሳይጽፉ ለሺህ ዓመት ያስተዳደሩት ጥበብ ነው።

ግን አንድ ችግር አለ፣ ብዙ ጓሮ ውስጥ ይታያል። «የድሮው ጎመን ቅጠሉ ሰፊ ነበር፣ የዛሬው ቶሎ ያብባል» የሚል ቅሬታ ትሰማላችሁ። ጥፋቱን በአየር ንብረት ላይ የሚጥሉ አሉ። አየሩም ድርሻ ይኖረው ይሆናል፣ እኔ ግን ወደ ዘር አያያዙ አመለክታለሁ። የምንቀነጥሰው ቅጠለ ሰፊውን ነው፤ እየተቀነጠሰ ይደክማል፣ ወይ ዘር ሳይሰጥ ይነቀላል። ቀጭኑና ቶሎ ያበበው ግን ለወጥ ስለማይመች ማንም አይነካውም፤ ቆሞ ዘር ይሰጣል። በዓመቱ የምንዘራው የእሱን ልጆች ነው። እንዲህ እየተደረገ አሥርና ሃያ ክረምት ሲያልፍ ጓሮው ቶሎ በሚያብብ ጎመን ይሞላል። ጎመኑን ሳናውቅ እኛው መርጠነዋል ማለት ነው፣ በተገላቢጦሽ።

መድኃኒቱ ከማንኛውም ፓኬት ይረክሳል። ከመደቡ ውስጥ ቅጠለ ሰፊና ዘግይተው የሚያብቡትን አሥር አሥራ አምስት እግር መርጦ ክር ማሰር፣ ከእነሱ ላይ አንድም ቅጠል አለመቀንጠስ፣ ቀድሞ ያበበውን ሁሉ ደግሞ ዘር ሳይዝ መንቀል። ጎመንዘር በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ የተመረጠው ባሕርይ በልጆቹ ላይ ቶሎ ይታያል። ዘሩ ደርቆ በቅል ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ ከእርጥበት ከራቀ ዓመታት ይቆያል። የጎረቤት ዘር ጥሩ ከሆነ አንድ ሲኒ ለምኖ መውሰድም ነውር የለበትም።

የተመራማሪዎቹስ ዝርያ? ጎመንዘርን በማሻሻል በኩል ስሙ የሚነሣው የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ቢጫ ዶዶላ፣ ኤስ-67፣ ሆለታ-1 የተባሉት ዝርያዎች ከዚያ ወጥተዋል። ልብ በሉ፣ እነዚህ የተመረጡት ለዘራቸውና ለዘይታቸው ነው። ቢጫ ዶዶላን ለቅጠል ብላችሁ ጓሮ ብትዘሩ ይበላል፣ ነገር ግን ያ ዝርያ የተደከመበት እናንተ ለምትፈልጉት ነገር አይደለም። ዘይቱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ 40 በመቶ ገደማው ኢሩሲክ አሲድ የሚባለው፣ ለምግብ ዘይት በብዛት የማይመረጠው ዓይነት ነው። በቤታችን ዘሩ ከወጥ ይልቅ ምጣድ ለማሰስ የሚፈለገው ያለ ነገር አይደለም። ያው ለምግብ የማይመረጠው ዘይት ለሞተር ግን ተመራጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 የተባለውን ጄት ከጎመንዘር በተሠራ ነዳጅ፣ ምንም ሌላ ነዳጅ ሳይቀላቀልበት አበረረ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባደረገው በረራ ከነዳጁ አሥር በመቶውን በጎመንዘር ነዳጅ ተካ። የእማማ ምጣድ ማሰሻ ውቅያኖስ ተሻገረ።

ለቅጠል ያሰቡበትም አሉ፣ የሚያሳዝነው ግን እኛ ጋ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ ቴክስሴል የተባለ የጎመንዘር ዝርያ ለቅጠል ተመርጦ ወጥቷል፤ ዛሬ በአሜሪካ የጓሮ ዘር ሻጮች ዘንድ አማራ የሚል ስም ያለው ጎመንዘርም ይሸጣል። ታንዛኒያ ውስጥም ጎመንዘር ለቅጠሉ የሚለማ የገበያ አትክልት ነው። የእኛ ሰው የሩኮላ ፓኬት ከውጭ ሲያስመጣ፣ የሌላ አገር አትክልተኛ የእኛን ጎመን በፓኬት ገዝቶ ይዘራል።

ወደ በጋው እንመለስ። የሐበሻ ጎመን በጥቅምት ተዘርቶ በውሃ ቢያዝም ይሆናል፣ ለጾመ ነቢያት ያደርሳል። ለሁዳዴ ግን ሙቀቱ ያስቸኩለዋል፤ ቅጠሉ ሳይሰፋ ለማበብ ይጣደፋል። በዚህ ወቅት የሚያዋጣው ሌላኛው ጎመን ነው፤ ብዙ ሰው ጉራጌ ጎመን የሚለው፣ ግንዱ እየወፈረ የሚረዝመው፣ ከዓመት በላይ የሚቆየው። ከሐበሻው ለመለየት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ቅጠሉ ሰም የተቀባ ስለሆነ ውሃው እንደ ሉል ይንከባለላል። ቀለሙም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫማ አረንጓዴ ነው። ግንዱ ላይ የተቀነጠሱት ቅጠሎች ጠባሳ በደረጃ ተደርድሮ ይታያል።

ይህን ጎመን በሁለት መንገድ ማባዛት ይቻላል። አንዱ በነሐሴ ወይም በመስከረም መደብ ላይ ዘርቶ ችግኙን ማዛወር ነው፤ ዝናቡ ሳያልቅ ሥር ይይዛል፣ እስከ ሁዳዴ ድረስ ደርጅቶ ይቆያል። ሌላው ከግንዱ ጎን የሚወጣውን ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጥላ ሥር መትከል ነው። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ጎመን ከሐበሻው በተቃራኒ የራሱን አበባ ዱቄት አይቀበልም፣ በንብ ተሻግሮ ከሌላ እግር ጋር መዳቀል አለበት። በአካባቢው የጥቅል ጎመን አበባ ካለ ከእሱም ጋር ይዳቀላል፣ ልጆቹም ከእናታቸው ይለያሉ። ቅርንጫፉ ግን እናቱ ራሷ ናት። የልብስና የዕቃ እጣቢ ውሃ የሚደፋበት ጥግ ላይ፣ ሳሙናው ያልበዛበትን እያፈራረቁ ቢያጠጡት፣ አምስትና ስድስት እግር ለአንድ ቤት ጾም መያዣ ይሆናል። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጎመን ብለው የሚሠሩት ኮላርድም የዚሁ ወገን ነው።

ጥቅል ጎመንና ቆስጣ ላይ ብዙ አልቆይም። ጥቅል ጎመን፣ ገበያው ላይ በብዛት ያለው ኮፐንሃገን ማርኬት፣ ለሚሸጥ ሰው ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ አንዴ ተቆርጦ ያልቃል፣ ትልም ይወደዋል። ቆስጣ፣ ፎርድሁክ ጃያንት የሚባለው፣ ሙቀትን ከጎመኖቹ ይልቅ ይችላል፣ እየተቀነጠሰ ይከርማል፣ ለጠባብ ጓሮ ጥሩ ነው። ጣዕሙን ከጎመን ጋር የሚያወዳድር ካለ ግን በዚህ ረገድ አልስማማም።

አሁን ወደ ጥሬው ቅጠል። ሩኮላ ከመፈለጋችን በፊት ቤታችን ያለውን እንይ፤ ፌጦ። ጎጃም ውስጥ ፌጦ የሌለው ቤት የለም ለማለት ያስደፍራል፤ ለሆድ ቁርጠት፣ ለከብት፣ ለክፉ ዓይን ሳይቀር ይቀመጣል። እኛ የምናውቀው ግን ዘሩን ነው። አውሮፓ ውስጥ ይኸው ፌጦ የሚዘራው ለቅጠሉ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጣት ሲያክል ታጭዶ በዳቦና በእንቁላል ይበላል። ጣዕሙ ከሩኮላ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፣ እንዲያውም ይበልጥ ይቆነጥጣል። ሰፌድ የምታክል ቦታ ላይ ዘሩን በስሱ በትናችሁ ጠዋትና ማታ ብታጠጡት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ትቀጥፉታላችሁ። ለዘሩ የምታወጡት ገንዘብ የለም፣ ከጓዳ ትወስዳላችሁ። በየትኛውም ወር ይሆናል፤ በሞቃቱ ወራት ሳይረዝም ቶሎ መቀጠፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሩኮላ የማሳደግ ጉጉት ያለበት ሰው በፌጦ ቢጀምር የመጀመሪያውን ትምህርት በነጻ ያገኛል።

የሐበሻ ጎመን ቡቃያም ከዚህ አይርቅም። ስንነቅል ለወጥ የምናውለው የአንድ ወር ቡቃያ ጥሬው በሎሚ፣ በቃርያና በሽንኩርት ሲከሸን ሩኮላ የለመደ ምላስ ደስ እያለው ይቀበለዋል።

ይህ ሁሉ ተብሎም ሩኮላውን የሚፈልግ ሰው መብቱ ነው፣ ጣዕሙም የራሱ ነው፤ ለውዝ ለውዝ የሚል ነገር አለው፣ ፌጦ ያ የለውም። ሩኮላ ተብሎ የሚሸጠው ሁለት የተለያየ ተክል መሆኑን ማወቅ ግን ግድ ነው። አንደኛው ቅጠለ ሰፊው ነው፤ አበባው ነጣ ያለ ሆኖ ጥቁር ሐምራዊ ሥር ሥር ይታይበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦ የሚሞት ነው። ከ30 እስከ 45 ቀን ውስጥ ይደርሳል። አስትሮ የሚባለው ዝርያ ጣዕሙ ለስለስ ያለ ነው፤ ስሎው ቦልት የሚባለው ደግሞ ዘግይቶ እንዲያብብ የተመረጠ ነው። ሁለተኛው የዱር ሩኮላ ነው፤ ሲልቬታ የሚባለው ከእሱ ወገን ነው። ቅጠሉ ጠባብና የተሸረፈ፣ አበባው ቢጫ፣ ቅመሙ የበረታ ነው። ለመብቀልም ለመድረስም ይዘገያል፤ ነገር ግን ሥሩ ጠልቆ ስለሚይዝ ከዓመት በላይ ይኖራል፣ ሲታጨድም ደጋግሞ ያቆጠቁጣል።

ፓኬቶቹ የሚመኩበት «ዘግይቶ ያብባል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ መፈተሽ አለበት። ሩኮላ አብቦ ቅጠሉ እንዲመርር ከሚያደርጉት ነገሮች ትልቁ የቀን መርዘም ነው። ለንደን ላይ በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ እዚያ ስሎው ቦልት ዋጋ አለው። በፍኖተ ሰላም ሰማይ ሥር ግን በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ነው። የቀን ርዝመት እኛን ብዙ አያስቸግረንም። እኛን የሚያስቸግረን ሙቀትና የውሃ መጓደል ነው። ስለዚህ ለፓኬቱ ቃል ተጨማሪ ብር ከመክፈል ዘሩን በትክክለኛው ወር መዝራት ይበልጣል።

ወሩም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጠሉ አለ፣ ዶፉ ቅጠሉን አይደበድበውም። በዚህ ወቅት ለቡሬም ለፍኖተ ሰላምም ቅጠለ ሰፊው ይስማማል፤ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መዝራት ነው፣ አንዴ ብዙ ዘርቶ ሲያብብ ከማልቀስ። ከየካቲት በኋላ በፍኖተ ሰላምና ከዚያ በታች ባለው ቆላማ አካባቢ ቅጠለ ሰፊውን ተዉት። ጥላና ውሃ ያለው ሰው በጥቅምት የተዘራ የዱር ሩኮላ ካለው እሱ ይቆይለታል፤ የሌለው ፌጦውን ይዝራ። ሰከላ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ሙቀቱ ስለማያሳድዳችሁ ቅጠለ ሰፊውን ውሃ እስካለ ድረስ በበጋውም መሞከር ትችላላችሁ፣ ውርጭ የሚወርድባቸውን ሌሊቶች ግን በሣር ሸፍኑት። ክረምቱ ለሩኮላ አይመችም፤ ጭቃው ቅጠሉ ላይ ይረጫል፣ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። በሐምሌ የሐበሻ ጎመን እያለ ሩኮላ መመኘት በእኔ እምነት ጥጋብ ነው።

የሩኮላ ዘር ከቤት መያዝ ይቻላል፣ ግን እንደ ጎመንዘር አይደለም። እሱም በንብ የሚዳቀል ስለሆነ አንድ እግር ብቻውን ቢያብብ ፍሬው ባዶ ነው፤ ብዙ እግሮች አንድ ላይ ማበብ አለባቸው። ከውጭ የሚመጣ ዘርን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። በሻንጣ ተጠቅልሎ የሚገባ ዘር በሽታና አረም ሊያስገባ ስለሚችል የኳራንቲን ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከሚገኙት ሕጋዊ ዘር ሻጮች መግዛት ይሻላል።

ጥሬ ለሚበላ ቅጠል ሁሉ ውሃው ከዝርያው ይቀድማል። የከተማ ፍሳሽ በሚቀላቀልበት ወንዝ የለማ ሩኮላ ታይፎይድና አሜባ ይዞ ወደ ማዕድ ይመጣል። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ከሌላችሁ ጥሬውን ተዉና የሚቀቀለውን ዝሩ። ትኩስ ፍግም ጥሬ የሚበላ ቅጠል መደብ ላይ አይደፋ፤ ወራት ያስቆጠረና የበሰበሰ ይሁን።

አፈሩን ሳናነሣ ብናልፍ ምርጫችን ጎደሎ ይሆናል። የቡሬና የአካባቢው ቀይ አፈር ለም ቢመስልም በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል፤ የጎመን ወገን ደግሞ አሲድ አይወድም። በማሳ ላይ ኖራ ይመከራል፣ ለጓሮ ግን የምድጃ አመድ ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ሥራ ይሠራል። አመድ ለክሽክሽም ይነሰነሳል፤ ቅጠሉን ከሥሩ ገልብጦ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ። ዶሮ ለቀው ያሳደጉ ሰዎች ስለ ተባይ ሲጨነቁ አላይም፣ ስለ ዶሮዋ ግን ይጨነቃሉ። የቡሬ ሰው በርበሬ አምራች ስለሆነ ይህችን ይያዝ፦ በሌላ አገር፣ ለምሳሌ ጣልያን ውስጥ፣ ጎመንዘርን ለምለሙን ከትፎ አፈር ውስጥ መቅበር የአፈር ፈንገስን ለማዳከም ይሠራበታል። በርበሬ ሥሩ እየበሰበሰ የሚጠወልግበት ገበሬ ከመትከሉ በፊት በአንድ ጥግ ቢሞክረው የሚያጣው ጥቂት ዘር ነው።

በጎጃም ደጋ የእንቅርት ነገር ስለሚነሣ «ጎመን አትብሉ» የሚሉ አሉ። ጎመን ብዙ ከተበላ፣ በተለይ ጥሬው፣ የአዮዲን እጥረት ያለበትን ሰው ችግር ሊያባብስ እንደሚችል እውነት ነው። መፍትሔው ግን አዮዲን ያለው ጨው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ሕግ አስገድዷል። ጨዉን ስትገዙ ፓኬቱን አንብቡ፣ ለጨው እንኳ ፓኬት ማንበብ ይጠቅማል።

የቀረው የተቋማት ድርሻ ነው። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚያስተዳድረው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲቋቋም ዓላማው የገበሬው ዘር እንዳይጠፋ ነበር። ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት፣ ዘሩ በባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም መኖር አለበት ብለው ስለሠሩ ነው። የጎመን ጉዳይ የዚያ ሐሳብ ጥሩ መፈተኛ ነው። ጎጃም ውስጥ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በዘይት ላይ የተደከመውን ያህል በቅጠል ላይ ቢደከም፣ ከሰከላ፣ ከቋሪት፣ ከጃቢ ጠህናንና ከወንበርማ ጓሮዎች የተሰበሰበ የሐበሻ ጎመን ጎን ለጎን ተዘርቶ የትኛው ዘግይቶ እንደሚያብብ ቢለይ፣ የሁዳዴውን ክፍተት የሚሞላ የራሳችን ዝርያ ሊገኝ ይችላል። ጥያቄውን ለአዴት ተመራማሪዎች አቀርባለሁ።

አንባቢ ደግሞ ይህን ያድርግ። በነሐሴ ጉራጌ ጎመኑን ይትከል፤ በመስከረም መጨረሻ ፌጦውን፣ ካማረውም ሩኮላውን በትንሽ መደብ ይዝራ። ከክረምቱ የሐበሻ ጎመን ውስጥ ደግሞ ቅጠላቸው የሰፋውንና መጨረሻ ያበቡትን በክር ምልክት አድርጎ ለዘር ይተው፤ ለወጥ አይቀንጥሳቸው፣ እንግዳ ቢመጣም።